አንድ ዓመት ገደማ ብቻ የቆየ የተዋጊ ጄት ቡድን ታሪክ እንዴት ይጻፋል? ከአባቴ የኮንጎ ፎቶ ተነስቼ

አባቴ የአየር ኃይል መካኒክ ነበር። ያደግሁትም ደብረ ዘይት ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ ከአልጋው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘን። ውስጡ አንድ ሜዳሊያ፣ ሁለት ደብዳቤና አንድ ፎቶ ነበረ። ፎቶው ላይ 9 ሰዎች ከአንድ ጄት ፊት ቆመዋል። ከጀርባው በእርሳስ «ኮንጎ 54» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ምንም የለም።

አባቴ በሕይወት እያለ ስለ ኮንጎ ብዙ አያወራም ነበር። የሚያነሳው ድርቆሽ ሲቀርብለት ነው። «ይኼ ነው ኮንጎ ያቆመን» ይልና ዝም ይላል። እኔ ደግሞ ለ31 ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ። ኮንጎ ስለዘመተው የአየር ኃይላችን የተዋጊ ጄት ቡድን ግን ለተማሪዎቼ አንድ ቀን እንኳ ነግሬያቸው አላውቅም። አላውቀውም ነበራ።

ከዚያች ፎቶ ተነስቼ የቡድኑን ታሪክ ለመሰብሰብ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። አሁን ብጀምረው በአንድ ዓመት እጨርሰዋለሁ ብዬ አስባለሁ። ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ የበላብኝ የተሳሳተ ቅደም ተከተል ነው። ይህን የምጽፈው እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ስላለ ነው። የኮንጎ ላይሆን ይችላል። መንገዱ ግን ተመሳሳይ ነው።

ዓመተ ምሕረቱን በተመለከተ፣ እዚህ ጽሑፍ ላይ «እ.ኤ.አ.» ያላልኩበት ሁሉ የኛ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ቡድኑ ለምን እንደተቋቋመ እወቁ

አጭር ዕድሜ ያለው ቡድን ብዙ ጊዜ የሚቋቋመው ለአንድ አስቸኳይ ችግር ነው። ችግሩን ካላወቃችሁ ፎቶውም፣ ደብዳቤውም፣ ሜዳሊያውም አይናገሩም። እኔ ከፎቶው ጀመርኩና ስድስት ወር ባከንኩ። ከችግሩ ብጀምር ይሻል ነበር።

የኮንጎው ችግር እንዲህ ነው። ኮንጎ ከቤልጂግ ነፃ የወጣችው ሰኔ 23 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ሐምሌ 4፣ በሞይስ ቾምቤ የምትመራው ማዕድናማዋ ካታንጋ ተገንጥያለሁ አለች። የተባበሩት መንግሥታት ጦር ገባ። የኛም ጠቅል ብርጌድ ዘመተ። ተልዕኮው በፈረንሳይኛ አጠራሩ «ኦኑክ» (ONUC) ይባላል። ይህችን ቃል ያዟት፣ መዛግብት ውስጥ ስትፈልጉ ትጠቅማችኋለች።

ያ ጦር ግን ተዋጊ አውሮፕላን አልነበረውም። የነበሩት የማመላለሻ አውሮፕላኖች ናቸው። ካታንጋ ደግሞ ፉጋ ማጂስተር የሚባል ትንሽ ጄት ነበራት። ከመስከረም 3 እስከ 7 ቀን 1954 ዓ.ም. ጃዶቪል በምትባል የካታንጋ ከተማ 155 የአየርላንድ ወታደሮች ተከበቡ። ያ አንድ ፉጋ ከላይ እየተመላለሰ ደበደባቸው። የሚያባርረው አልነበረም። ውኃና ጥይት ሲያልቅባቸው እጃቸውን ሰጡ። ለመስከረም 8 አጥቢያ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ዳግ ሐመርሾልድ ስለ ተኩስ አቁም ለመነጋገር ሲበሩ በዛሬዋ ዛምቢያ ንዶላ አጠገብ አውሮፕላናቸው ወድቆ ሞቱ።

ይህ ሁሉ የሆነው ሀገራችን ላይ አደይ አበባ በፈነዳበት ሳምንት ነው። እንቁጣጣሽ ካለፈ ገና ስምንት ቀኑ።

ኢትዮጵያ ጄት ልስጥ አለች። ኤፍ-86 ሳብር የሚባሉት ተዋጊ ጄቶች ደብረ ዘይት ያለው የአየር ኃይል ሜዳ፣ ሐረር ሜዳ፣ ከገቡ ገና ብዙ አልቆዩም ነበር። ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። ጄቶቹ ኮንጎ ለመግባት ያኔ በእንግሊዝ እጅ በነበሩ አገሮች ሰማይ ማለፍና ነዳጅ መሙላት ነበረባቸው። ከደብረ ዘይት ኡጋንዳ ያለው ኢንቴቤ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንግሊዞች ፈቃዱን አዘገዩት። የመስከረሙ ውጊያ እስኪያበቃ የኛ ጄቶች አልደረሱም። ይህን ሳነብ ደሜ ፈላ። የጃዶቪል ልጆች ሰማይ ሰማዩን እያዩ የጠበቁት ምናልባት አባቴ ጎማውን የሞላለትን ጄት ነበር።

በኋላ ላይ ሦስት አገሮች የተዋጊ አየር ኃይል ክፍል አዋጡ። ስዊድን «በርሜሉ» የሚባለውን ሳብ 29 ላከች። ሕንድ 6 ካንቤራ ቦምብ ጣዮችን ላከች። እኛ 4 ሳብር። የኛው ቡድን አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1962 ተመለሰ። ካታንጋ የተሸነፈችው ከዚያ በኋላ፣ በጥር 1955 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የኛ ቡድን የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ዜና አላገኘም። መካከል ላይ ነው የነበረው። የተረሳውም ለዚህ ይመስለኛል።

ቀኑን ሳታስተካክሉ አንድ መስመር አትጻፉ

«54» የምትለዋን ቁጥር አንድ ውጭ አገር የሚኖር ወዳጄ እ.ኤ.አ. 1954 ብሎ ተረጎማት። ለአንድ የፎቶ ሰብሳቢም እንደዚያው ብሎ አስተላለፈው። እ.ኤ.አ. በ1954 ኢትዮጵያ ሳብር የላትም፣ ኮንጎም የተባበሩት መንግሥታት ጦር የለም። አንድ ቁጥር ፎቶውን ከታሪኩ አስወጣችው።

ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ ግን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ጠረጴዛችሁ ላይ ለጥፉት። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች ዓመት መጨረሻ 7 ይደመራል። ከዚያ እስከ ጳጉሜ 8 ይደመራል። የኛ 1954 የጀመረው እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 1961 ነው። ስለዚህ አባቴ «54» ሲል ከመስከረም 1961 እስከ መስከረም 1962 እ.ኤ.አ. ማለቱ ነው። የሳብሮቹ የኮንጎ ዘመን ከሞላ ጎደል ይህ ነው። አንዲት የእርሳስ ጽሑፍ፣ በትክክል ስትነበብ፣ ሙሉ ታሪኩን ትገጥማለች።

ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። የበረራ መዝገብ የሚጻፈው በግሪንዊች ሰዓት ነው። ሽማግሌዎቹ የሚነግሯችሁ በኛ ሰዓት ነው። ኮንጎ ራሷ ሁለት ሰዓት አላት። ዋና ከተማዋ ሊዮፖልድቪል ከግሪንዊች በ1፣ ካታንጋ በ2 ትቀድማለች፤ እኛ በ3። መዝገቡ ላይ 05:00 ቢል፣ ደብረ ዘይት ከጧቱ 2 ሰዓት ነው። የካታንጋዋ ኤልዛቤትቪል 1 ሰዓት። ሊዮፖልድቪል 12 ሰዓት፣ ገና ጎህ ሲቀድ። አንድ ጋሼ «በ12 ሰዓት ተነሳ» ሲሉኝና አንድ ወረቀት 05:00 ሲል፣ አንዱ ተሳስቷል ብዬ ነበር። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

የቦታዎቹን ስም በሁለት ዓምድ ጻፉ

ያኔ ሊዮፖልድቪል ያሉት ዛሬ ኪንሻሳ ነው። ሉሉአቡርግ ካናንጋ ሆኗል። ኤልዛቤትቪል ሉቡምባሺ፣ ጃዶቪል ሊካሲ፣ ስታንሊቪል ኪሳንጋኒ ተብለዋል። ትልቁ የጦር ሰፈር ካሚና ስሙን አልቀየረም። በአንዱ ስም ብቻ ከፈለጋችሁ ግማሹ መዝገብ ያመልጣችኋል።

የኛም እንደዚያው ነው። ደብረ ዘይት ዛሬ ቢሾፍቱ ነው። ሐረር ሜዳ ደግሞ ሐረር አይደለም፣ እዚሁ ቢሾፍቱ ያለው የአየር ኃይል ሜዳ ነው። ይህንን የማያውቁ የውጭ ጸሐፊዎች ጄቶቹን ከሐረር ከተማ ያስነሷቸዋል። ሐረር ላይ የነበረው የጦር አካዳሚው ነው። ልጆቻችንም ራሳቸው ይሳሳቱበታል፤ ክፍል ውስጥ አይቻለሁ።

ፎቶው

ፎቶ ከማጽዳታችሁ፣ ከማሳደሳችሁ፣ ከማስቀረጻችሁ በፊት ሁለቱንም ገጽ ስካን አድርጉ። ጀርባውን አትርሱ። ጠርዙንም ጭምር።

ይህን የምለው ስለተጎዳሁ ነው። ወንድሜ የአባታችንን ፎቶ አስከብራለሁ ብሎ ወደ አንድ ፎቶ ቤት ወሰደው። አሳድገው፣ በፍሬም አድርገው መለሱለት። ለፍሬሙ እንዲመች ግን ዋናውን ፎቶ በቀኝ በኩል ሁለት ጣት ያህል ቆርጠውታል። የተቆረጠው የጄቱ ጭራ ነው። የጭራ ቁጥሩ ያለው እዚያ ላይ ነበር። ቁጥሩ ቢኖረኝ ጄቱ የት ተሠርቶ፣ መቼ መጥቶ፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ መከታተል እችል ነበር። ወንድሜ ዛሬም ሲያስታውሰው ያመዋል። እሱን አልወቅሰውም። ማንም አልነገረውም።

ቁጥሩ ከሌለ የአውሮፕላኑን አካል አንብቡ። ሳብር አፍንጫው ላይ ክብ የአየር መሳቢያ አለው። ክንፉ ከሆዱ ሥር ይነሳና ወደ ኋላ ይተኛል። ከአፍንጫው በግራም በቀኝም ሦስት ሦስት የመትረየስ አፎች አሉት፤ በአጠቃላይ 6፣ ባለ 12.7 ሚሊ ሜትር። የስዊድኑ ሳብ 29ም አፍንጫው ክብ ነው፣ ግን ሆዱ ወፍራም ነው፤ ክንፉም የሚነሳው ከፍ ብሎ ነው። ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። አባቴ ፎቶ ላይ ከአንድ ሰው ትከሻ በላይ ሦስቱ የመትረየስ አፎች ይታያሉ። ሳብር መሆኑን ያረጋገጥኩት በእነሱ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ኮንጎ ውስጥ የተነሳ የሳብር ፎቶ ሁሉ የኛ አይደለም። የኛዎቹ ከተመለሱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ የኢራን ሳብሮች ካሚና ገብተዋል፤ የፊሊፒንስ አብራሪዎችም በረውባቸዋል። ኢንተርኔት ላይ «የኢትዮጵያ ጄቶች በኮንጎ» ተብለው ከሚዘዋወሩት ፎቶዎች ውስጥ እንዲህ ያሉ እንዳሉበት እርግጠኛ ነኝ። ዓመቱ ከጥር 1955 በኋላ ከሆነ ቆም በሉ።

ሜዳሊያው ይናገራል፣ ሪባኑን ግን እዩ

ሁለት ሜዳሊያ ያለው ጎረቤት ነበረን። አንዱ የኮሪያ፣ አንዱ የኮንጎ። ልጆች ሆነን አንድ ይመስሉን ነበር። የኮሪያው ሪባን ቀጫጭን ሰማያዊና ነጭ መስመሮች ያሉት ነው። የኮንጎው ዘግየት ብሎ የወጣው ሪባን መሐሉ አረንጓዴ ሆኖ ዳርና ዳሩ ነጭና ሰማያዊ ነው።

ዘግየት ብሎ ያልኩት በምክንያት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለኮንጎ ዘማቾች የተሰጠው ከዚያ በፊት ለሌላ ተልዕኮ የተሠራ ሪባን ነበር፣ «ኮንጎ» የሚል ትንሽ የብረት ጽሑፍ ተጨምሮበት። አረንጓዴው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ስለዚህ የቤተሰባችሁ ሜዳሊያ አረንጓዴ ካልሆነ «የኮንጎ አይደለም» ብላችሁ አትጣሉት። ምናልባት ቀድሞ የዘመተ ሰው ነው። የአባቴ ላይ የብረቷ ጽሑፍ አለች።

ሌላም ነገር ይነግራችኋል። ሜዳሊያውን ለማግኘት 90 ቀን ማገልገል ያስፈልግ ነበር። ሜዳሊያው ካለ፣ ሰውየው ቢያንስ ሦስት ወር እዚያ ነበር ማለት ነው። «ለሁለት ሳምንት ደርሶ ተመለሰ» የሚል የቤተሰብ ወሬ ካለ ሜዳሊያው ይመልስለታል።

ሽማግሌዎቹን ስትጠይቁ

ይህ ክፍል ረዥም ነው። ምክንያቱም ከሁሉም የሚቸኩለው ይህ ነው። ወረቀት ይጠብቃል፣ ሰው አይጠብቅም። እኔ ስጀምር ስማቸውን ካገኘኋቸው የአባቴ ጓደኞች ሁለቱ ቀጠሮ ይዘን ሳለ አርፈዋል።

ብቻችሁን አትሂዱ፣ በስልክም አትጀምሩ። የሚያውቁትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ፍርሃት አለ። ከንጉሡ በኋላ በደርግ ዘመን ብዙ የአየር ኃይል ሰዎች ታስረዋል። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ፎቶና ወረቀት ያቃጠለ ቤተሰብ ብዙ ነው። አንድ ጋሼ መጀመሪያ ቀን ቡና ጠጥተን እስክንጨርስ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» የአባቴን ስም ስነግራቸው ተነስተው ሳሙኝ። ቴፑን የከፈትኩት በሦስተኛው ቀን ነው።

«ስለ ኮንጎ ይንገሩኝ» ብላችሁ አትጠይቁ። እንዲህ ከጠየቃችሁ የምትሰሙት ንግግር ነው። ስለ ሰንደቅ ዓላማ፣ ስለ ጃንሆይ፣ ስለ ጀግንነት። ደስ ይላል፣ ግን ታሪክ አይጻፍበትም። ስለ እጃቸው ጠይቁ። ጠዋት መጀመሪያ የሚነኩት ምን ነበር? መፍቻው የማን ነበር? ነዳጁ በምን ይመጣል? ዝናብ ሲጥል ጄቱን ምን ያለብሱታል? ማታ የት ይተኛሉ? እጅ የሠራውን አፍ በደንብ ይናገራል። እኚያው ጋሼ «ጥይቱን ስንሞላ ሙቀቱ ብረቱን አያስነካም፣ በጨርቅ ነበር የምንይዘው» ሲሉኝ እጃቸው ራሱ ጨርቅ እንደያዘ ሆነ።

ቀን አትጠይቋቸው። ከ60 ዓመት በኋላ ማንም ቀን አያስታውስም። ችካል ትከሉ። ለ1954 ዓ.ም. የምጠቀምባቸው ችካሎች እነዚህ ናቸው። የታኅሣሥ ግርግር፣ ታኅሣሥ 1953። እሱ ከመዝመታቸው አንድ ዓመት ያህል በፊት ነው። ቀጥሎ የአፍሪካ ዋንጫ፣ ጥር 13 ቀን 1954፣ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ግብፆችን 4 ለ 2 ያሸነፍንበት። «ዋንጫውን ስንወስድ የት ነበሩ?» በሉ። አንዱ ወዲያው «ኮንጎ! በሬዲዮ ነው የሰማነው» አሉኝ። ሌላው «ስታዲየም ነበርኩ» አሉ። በዚህ አንድ ጥያቄ ማን ቀድሞ እንደሄደ፣ ማን ተተኪ ሆኖ እንደመጣ ለየሁ። ሦስተኛው ችካል የእቴጌ መነን ዕረፍት ነው፤ የካቲት 8 ቀን 1954። ሐዘኑን ሁሉም ያስታውሳል። የት ሆኖ እንዳዘነ ጭምር።

በዚህ መንገድ የተረዳሁት ዋና ነገር፣ የቡድኑ ዕድሜና የሰውየው ቆይታ አንድ አለመሆኑን ነው። ሰዎች ይቀያየሩ ነበር። አባቴ የገባው ዘግይቶ ነው። ወደ ቤት የተመለሰው ደግሞ ከቡድኑ ቀድሞ፣ በነሐሴ፣ ለእናቴ ወሊድ ነው።

እባካችሁ ከምድር ሠራተኛው ጀምሩ። ይህ የኔ አቋም ነው፣ አጥብቄ እይዘዋለሁ። 4 ጄት ሲባል ሰው የሚያስበው አራት አብራሪ ነው። ጄቱን ለማስነሳት ግን መካኒክ፣ የመሣሪያ ሠራተኛ፣ የሬዲዮ ሰው፣ ነዳጅ ቀጂ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ሰው፣ ምግብ አብሳይ ያስፈልጋል። ከአንድ አብራሪ ጀርባ ብዙ እጅ አለ። የአብራሪዎች ስም ጋዜጣ ላይ ሊወጣ ይችላል። የእነዚህ ስም የሚገኘው ሰው አፍ ውስጥ ብቻ ነው። ያ አፍ ሲዘጋ አለቀ።

ማዕረግ ስትጽፉም ያኔ የነበረውን ጻፉ። ዛሬ «ኮሎኔል» የሚባሉት ሰው በ1954 ምክትል የመቶ አለቃ ሊሆኑ ይችላሉ። ሰነድ ውስጥ በኮሎኔልነት ከፈለጋችኋቸው አታገኟቸውም።

የሰማችሁትን በካርታና በቁጥር ፈትኑ

ሽማግሌ አይዋሽም፣ ግን ትዝታ ይቀላቀላል። መፈተን አክብሮት ማጣት አይደለም።

አንድ የቀድሞ ወታደር ጄቶቻችን ከሊዮፖልድቪል ተነስተው፣ ኤልዛቤትቪል ተዋግተው፣ ሳያርፉ ይመለሱ ነበር አሉኝ። ካርታ ላይ ለካሁት። በቀጥታ መስመር 1,570 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደርሶ መልስ ከ3,100 ያልፋል። ሳብር ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ አንጠልጥሎ፣ ሳይዋጋ፣ ዝም ብሎ ቢበር እንኳ የሚሄደው 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አይሆንም። ከካሚና ግን ኤልዛቤትቪል 420 ኪሎ ሜትር አካባቢ ናት። ከዚያ ይቻላል። ተመልሼ ሄጄ «ከካሚና ይሆን እንዴ?» ስላቸው ጥቂት አሰቡና «አዎ፣ ሊዮፖልድቪል ያረፍነው መጀመሪያ ስንገባ ነው» አሉ። ትዝታው ነበረ። ቦታው ነው የተዛነፈው።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። አንድ መካኒክ «ሊዮፖልድቪል ላይ ጄቱ ቶሎ ነበር የሚነሳው፣ እዚህ ግን ሜዳውን ሁሉ ይበላዋል» አሉኝ። የማይሆን መስሎኝ ነበር፣ ያን ያህል በሚሞቅ አገር። ከፍታውን ሳየው ገባኝ። ሐረር ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,890 ሜትር ያህል ነው። የሊዮፖልድቪል ሜዳ 310 ሜትር አካባቢ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም ክንፉም ይደክማል፣ ጄቱ ረዥም መሮጥ ይፈልጋል። ሙቀቱ የቀነሰውን ዝቅታው አካክሶታል። ይህን ማንም መጽሐፍ አልነገራቸውም። አይተውት ነው። ከዚያ በኋላ የነገሩኝን ሌላ ነገር በበለጠ እምነት ተቀበልኩ።

ወረቀት የት ይገኛል?

አዲስ አበባ ላይ ሁለት ቦታ ጀምሩ። አንዱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወመዘክር፣ ነው። የ1954ን የአዲስ ዘመንና የኢትዮጵያ ድምፅ ጋዜጦች ጠይቁ። ሁለተኛው ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ። ለአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሳልይዝ ሄጄ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ። በአራተኛው ጊዜ «ፋይሉ ተዛውሯል» ተባልኩ፣ ወዴት እንደተዛወረ የሚያውቅ አልነበረም። ተስፋ አትቁረጡ። አንድ በር ሲዘጋ የሌላ አገር መዝገብ ያው ቀን ስለ እናንተ ሰዎች ጽፎ ይሆናል።

ይህ ትልቁ ምስጢር ነው። የኛ ቡድን ብቻውን አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት የኒው ዮርክ መዛግብት ብዙ የኮንጎ ሰነድ ኢንተርኔት ላይ አውጥቷል። ስለ ካታንጋው የመስከረም 1954 ውጊያ ለጸጥታው ምክር ቤት የቀረበው ሪፖርት ቁጥሩ ኤስ/4940 (S/4940) ነው፤ ተጨማሪ ክፍሎቹንም አብራችሁ አንብቡ። ኅዳር 15 ቀን 1954 የወጣው ውሳኔ ቁጥር 169 ደግሞ ጦሩ ኃይል እንዲጠቀም በግልጽ የፈቀደው ነው። ኅዳር 26 የስዊድንና የሕንድ አውሮፕላኖች ካታንጋ ውስጥ ያለውን የኮልዌዚን የአውሮፕላን ሜዳ ደበደቡ። እንግሊዝ በረራውን ስላዘገየችበት ጉዳይ የለንደኑ ብሔራዊ መዝገብ አለ። የስዊድን የጦር መዝገብ ስቶክሆልም ነው።

ስዊድኖቹን አትዝለሏቸው። የአየር ኃይላችንን አሠልጣኞች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያመጡት ስዊድናዊው ካውንት ፎን ሮዘን ናቸው። ሐረር ሜዳ ላይ ብዙ መካኒክ ሙያውን የተማረው ከስዊድን እጅ ነው። ኮንጎ ላይ ሲገናኙ እንግዶች አልነበሩም። አንዱ ጋሼ እስካሁን በስዊድንኛ እስከ ሃያ ይቆጥራሉ። የስዊድን ወታደሮች ካሜራ ነበራቸው፣ ፎቶም ያስቀምጣሉ። የኛ ሰዎች ከጥግ በኩል የቆሙበት ፎቶ እነሱ አልበም ውስጥ ሊኖር ይችላል። እኔ አንድ አግኝቻለሁ። አባቴ የለበትም፣ ጃንጥላው ግን የእሱ ነው ብለን ከእናቴ ጋር ተከራክረናል።

ስትጽፉት

ደብተራችሁን በሦስት ቀለም ጻፉ። ሰነድ ያለውን በጥቁር። ሰው የነገራችሁን በሰማያዊ፣ ከነገራችሁ ሰውና ቀን ጋር። የእናንተን ግምት በእርሳስ። ሲታተምም ልዩነቱ ለአንባቢ ይታይ። የእንግሊዞቹ መዘግየት ጥቁር ነው። ጥይቱን በጨርቅ መያዛቸው ሰማያዊ ነው። ጃዶቪል ላይ ሲጠበቅ የነበረው አባቴ ያዘጋጀው ጄት ነው የሚለው እርሳስ ነው፤ እርሳስ ሆኖ ይቀራል፣ ምንም ብወደው። እንዲያውም ዘግይቶ መግባቱን ካወቅሁ በኋላ ልሰርዘው ነው።

ያላገኛችሁትን ሰው ከዝርዝሩ አታውጡት። ቁጥር ስጡትና ቦታውን ክፍት ተዉት። ፎቶውን አትማችሁ በእያንዳንዱ ሰው ደረት ላይ ቁጥር አድርጉ፤ በዋናው ላይ ሳይሆን በቅጂው ላይ። ቅጂውን በኪሳችሁ ያዙ። ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ፣ ዕድር፣ ቢሾፍቱ ያለ ሻይ ቤት፣ የትም ቦታ አረጋዊ የአየር ኃይል ሰው ካገኛችሁ አውጡት። እኔ ቁጥር 7ን ያገኘሁት ሆስፒታል ወረፋ ስጠብቅ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ይኼ እኮ ባለቤቴ ነው» አሉ።

ከ9ኙ 6ቱን አውቄያለሁ። ቁጥር 2፣ ቁጥር 5 እና ቁጥር 9 ቀርተዋል። ቁጥር 9 በቀኝ በኩል መጨረሻ ላይ የቆመው ነው። ፎቶ ቤቱ ሲቆርጠው ከፊቱ ግማሹ አብሮ ሄዷል። የሚታየው ቀኝ ጆሮው፣ የትከሻው ጠርዝና የአባቴን ክንድ የያዘው እጁ ነው።